ጭረት የሌለው መኪና

ጋሽ ጆሮ የሞተው ጀርባው ሲሚንቶ ላይ፣ ደረቱ ደግሞ በአንድ ብርማ ስፖርት መኪና ሥር ሆኖ ነው። ዕድሜውን ሙሉ መኪና ሲያዳምጥ የኖረ ሰው በመኪና ተጭኖ መሞቱ ለመሸጫ ግቢው ሰዎች እንደ ተረት ጣፈጣቸው፤ ሬሳው ሳይነሣ ደጋግመው አወሩት።

ያገለገለ መኪና ሊገዛ የተነሣ ሰው ሁሉ አስቀድሞ እሱን ይፈልገው ነበር። ጋሽ ጆሮ መጥቶ መዳፉን ኮፈኑ ላይ ያሳርፋል። ሞተሩ ሞቆ ከጠበቀው፣ ሻጩ የሞተሩን ሕመም ለመደበቅ አስቀድሞ አሙቆታል ማለት ነውና ቃል ሳይተነፍስ ይመለሳል። ከቀዘቀዘ ያስነሣዋል፣ ዐይኑን ጨፍኖ ይሰማል፣ ሆዱንና ጀርባውን ይፈትሻል፤ በመጨረሻም «ውሰድ» ወይም «ተወው» ይላል። ሦስተኛ ቃል አልነበረውም።

መርማሪዋ የመጣችው በአውቶቡስ ነው። ጡረታዋ የተቃረበ፣ አጠር ያለች፣ ትልቅ ቦርሳ ያንጠለጠለች ሴት ናት። የግቢው ባለቤት በሩ ላይ ሊቀበላት ወጥቶ ከየትኛው መኪና እንደወረደች በዐይኑ ሲፈልግ ቆየና አውቶቡሱን ሲያይ ፈገግታውን ከመንገድ መለሰው።

ተረኛው ፖሊስ ጉዳዩን ጨርሶ ጠበቃት። መካኒኩ መኪናውን በክሪክ አንሥቶ የብረት መደገፊያ ሳያደርግበት ሄዷል፤ ጋሽ ጆሮ ሥሩ ሲገባ ክሪኩ ተንሸራቷል። ሰዎች ተረባርበው መኪናውን በእጃቸው አንሥተው ሬሳውን አውጥተዋል። መካኒኩ አሁን እጁ በካቴና ከብረት በሩ ጋር ታስሯል። ፖሊሱ እርግጠኛ የሆነበት ምክንያት ነበረው፤ አምና በዚሁ ግቢ፣ በዚሁ መካኒክ ቸልተኝነት፣ መኪና ወድቆ የአንድ ሠራተኛ እግር ተሰብሯል። ዳኛው ያኔ በማስጠንቀቂያ ሲያልፉት ሁለተኛ ከመጣ እንደማይወጣ ነግረውት ነበር።

መካኒኩ ሦስት ልጆችና ቅባት የጠገበ ቱታ ያለው ሰው ነው። «እትዬ፣» አላት፣ «መኪናውን አላነሣሁትም። በልጆቼ።»

«ልጆችህን ተዋቸው። የት ነበርክ?»

የፍሬን ሸራ ሊገዛ ሄዶ ሱቁ ተዘግቶ ስላገኘው ሻይ ቤት ተቀምጦ ነበር። ብቻውን።

«ብልህ ሰው ሻይ የሚጠጣው ከምስክር ጋር ነው፤» አለችውና አልፋው ሄደች።

ሬሳው በሸራ ተሸፍኖ ከመኪናው አጠገብ ተጋድሟል። የሸሚዙን ኪስ ዳሰሰች። መነጽሩ በማኅደሩ ውስጥ እንደተዘጋ አገኘችው። ቀጥላ በጎኑ የተጋደመውን ክሪክ አየች። መኪናውን የሚነካው የክሪኩ አናት ላይ ላስቲክ ሊኖር ሲገባ የለም፤ የቀረው አራት ጥርስ ያለው ባዶ ብረት ነው። ከዚያ ተንበርክካ ከመኪናው በር ሥር ያለውን ጠርዝ በጣቷ አሻሸችው። እንደ መስታወት ለስላሳ ነው።

ተነሥታ በግቢው የተደረደሩትን ሌሎች መኪኖች ተራ በተራ፣ በእያንዳንዱ በር ሥር እየተንበረከከች አየች። የግቢው ባለቤት፣ ሻጩ፣ ከኋላዋ ይከተላል።

«መኪና አማረዎት እንዴ?»

«ያለኝንም አላስተዳደርኩ።»

«ምን አለዎት?»

«እግር።»

ሻጩ ለሚያየው ነገር ሁሉ ሰም መቀባት ልማዱ ነው፤ ቢሮው፣ ጫማው፣ አነጋገሩ ሁሉ ያብረቀርቃል። ጠዋት በሩን ለጋሽ ጆሮ ከፍቶ፣ ቁልፉን ሰጥቶ ቁርሱን ለመብላት ወደ ቤቱ መሄዱን ነገራት፤ ሟቹ ሲያዳምጥ ሻጭ አጠገቡ እንዲቆም አይወድም ነበር። ብርማውን መኪና ለመግዛት የመጡት አንድ የጥርስ ሐኪም ናቸው። ሸጦላቸው እንደሆነ ስትጠይቀው ሰሙ ትንሽ የቀለጠ መሰለ። «ኧረ አልሸጥኩም። ዶክተር ገና ምርጫ ላይ ናቸው።»

ሁለተኛ ያነጋገረችው ደላላውን ነበር። የሻጩ ሚስት ወንድም ነው፤ በግቢው ማር ይሉታል፣ ምላሱ ስለሚጣፍጥ። ሌላ ሥራ ሞክሮ ያልተሳካለት ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው፣ ሌላውን ሰው ምን መምረጥ እንዳለበት ይመክራል። ጠዋት በፊት ለፊት በሩ ተቀምጦ ስልክ ሲያወራ እንደነበር፣ ከጋሽ ጆሮ ሌላ ሲገባ ያየው ሰው እንደሌለ ነገራት። ቆሻሻ የሚወጣበት የኋላ በር ግን እንዳልተቆለፈ አልካደም። ስለ ብርማው መኪና ስትጠይቀው ፊቱ በራ።

«እትዬ፣ እንዲህ ያለ መኪና በየቀኑ አይገኝም። በጉልበቱ የስፖርት ነው፣ በበሩ የቤተሰብ ነው፣ በዋጋው የደመወዝተኛ ነው።»

«በነዳጁስ? በመለዋወጫውስ?»

ማር ስልኩን አውጥቶ ማየት ጀመረ። ምላሱ እንዲህ ሲያርፍ የታየበት ቀን ጥቂት ነው።

ሐኪሙና ሚስቱ በእንግዳ ማረፊያው ወንበር ላይ፣ በመካከላቸው አንድ ባዶ ወንበር ትተው ተቀምጠዋል። ሐኪሙ ንጹሕ እጅ ያለው፣ ሽቶው ከእሱ ቀድሞ የሚደርስ ሰው ነው። መርማሪዋ እንደተቀመጠች ስለ ሟቹ ማዘኑን ነገራት። ቀጥሎም በመስኮቱ ወደ ውጪ አየና «ደግነቱ መኪናው አልተጎዳም፤» አለ።

ሚስቱ ዞር ብላ አየችው። እሱ አላያትም።

ከዚያ ሳይጠየቅ ስለ ምርጫው ያስረዳ ጀመር። አዲስ መኪና የሚገዛ ሰው ሞኝ ነው አለ፤ ዋጋው ከሱቁ በር ሲወጣ ይወድቃል። ያገለገለ፣ ግን ጉልበቱ ያልደከመ፣ ልጆችንም የማያሳፍር መኪና ለማግኘት ክረምትና በጋ እንዳጠና ገለጸላት። ስለ ፈረስ ጉልበት ሲያወራ ድምፁ ይለሰልሳል። ባለ አራት በር መሆኑን ብዙ ጊዜ አነሣው፤ አራቱ በሮች ለእሱ መኪና ውስጥ መግቢያ ሳይሆኑ ከወቀሳ መውጫ ነበሩ።

«ታዲያ ወሰኑ?» አለችው።

«ገና እያየሁ ነው። እኔ ሳላጠና አልገዛም።»

«ነክተውት ያውቃሉ?»

«ለሙከራ አንድ ጊዜ ነድቼዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ዛሬ ማየቴ ነው።»

ጠዋት የት እንደነበረ ስትጠይቀው እንደ ልማዱ ብቻውን ሮጦ፣ ቤቱ ታጥቦ፣ ከሚስቱ ጋር በታክሲ እንደመጣና ሬሳውን አብረው እንዳዩ ነገራት።

ሚስቱን ለብቻ አነጋገረቻት። የሒሳብ መምህርት ናት፤ ጋሽ ጆሮ የሟች አባቷ ወዳጅ ነበር፤ የጠራችውም እሷ ናት። እሷ የፈለገችው ነዳጅ የማይበላ ትንሽ መኪና ሆኖ ሳለ ባሏ ግን ከዚህ ሌላ አልታየው አለ። ስለ ቸርኬው እየተጨቃጨቁ ያመሹባቸው ቀናት ነበሩ።

«በመጨረሻ ተስማማን፤» አለች። «ጋሽ ጆሮ 'ውሰድ' ካለ እኔ አፌን እዘጋለሁ። 'ተወው' ካለ እሱ ይዘጋል። ከልጆቼ ፊት ነው የማለልኝ።»

«ጋሽ ጆሮ ያለ መነጽር ያይ ነበር?»

«ያለ መነጽር የራሱን ጫማ አያገኝም።»

መርማሪዋ ወደ መኪናው ተመለሰችና የኋላውን ኮፈን ከፈተች። ምንጣፉን ስታነሣ ወለሉን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጥ የብየዳ ጠባሳ ታየ። መኪናው ሁለት ነው፤ ከፊቱ የተጨፈለቀና ከኋላው የተጨፈለቀ ሁለት መኪና ተቆርጦ፣ ደኅና ደኅናው ተጋጥሞ፣ ቀለም ተቀብቶ አንድ ሆኗል። ትርፍ ጎማው የሚቀመጥበት ጉድጓድ ውስጥ ደግሞ አራት ላይ የታጠፈ የሕፃን ፎጣ ነበር። ገለጥ አድርጋ አየችው፤ መልሳ አጠፈችውና ሁሉም መኪናው ዘንድ እንዲሰበሰቡ አዘዘች። መካኒኩም ከነካቴናው መጣ።

«ለሁላችሁም አንድ ነገር ልንገራችሁ፤» አለች። «ጋሽ ጆሮ በገዛ እግሩ እዚህ መኪና ሥር አልገባም። መነጽሩ ማኅደሩ ውስጥ ነው። መኪና ሥር ሊፈትሽ የሚገባ ሰው ዐይኑን ኪሱ ውስጥ አይከትም። ሰው ነው ያስገባው።»

ፖሊሱ ሟቹ መነጽሩን ረስቶ ሊሆን ይችላል አለ። መርማሪዋ ያልሰማች መስላ ወደ ክሪኩ ጠቆመች።

«ይሄ ክሪክ ላስቲኩ ካለቀ ቆይቷል። ይሄ ሰነፍ ሰው ሊቀይረው ሲያስብ ነው የሚውለው።» መካኒኩ አንገቱን ደፋ። «ስለዚህ በዚህ ክሪክ የተነሣ መኪና ሁሉ በሩ ሥር የአራት ጥርስ ንክሻ አለበት። የግቢውን መኪና ሁሉ አይቻለሁ፤ አንድም ያልተነከሰ የለም። ጌታዬ በላዩ ቀለም ይቀቡታል እንጂ አያድኑትም።»

ሻጩ አሳለ።

«ብርማው ብቻ ነው ያልተነከሰው። ክሪኩ ተንሸራቶ ቢሆን ኖሮ እንኳን ሊነከስ፣ ጠርዙ በተሰነጠቀ ነበር። ስለዚህ መኪናው አልወደቀም። አንድ ሰው በክሪኩና በቀለሙ መሀል ለስላሳ ነገር አድርጎ አነሣው፣ ጋሽ ጆሮን ሥሩ አስገባ፣ የክሪኩን መልቀቂያ ቀስ ብሎ ፈታ፣ መኪናው በዝግታ ወረደ። ከዚያ ክሪኩን በጎኑ ጣለው። ሰው እየገደለም ለቀለሙ ተጠንቅቋል።»

መርማሪዋ አንድ በአንድ አየቻቸው።

«እንዲህ የሚጠነቀቀው ማነው? መካኒኩ ለራሱ ጣትም አይጠነቀቅም። ማር ክሪክ ከሚነካ ይሞታል። ሻጩ አንድ ገዢ ቢሸሸው ነገ ሌላ ሞኝ ይመጣለታል፤ ለጭረቱም ቀለም አለው። መኪናውን እንዲህ የሚያዝንለት የራሱ ያደረገው ሰው ብቻ ነው።»

ሐኪሙ ቀና አለ። «እኔን ከሆነ፣ አልገዛሁትም። እያየሁ ነው አልኩዎት።»

መርማሪዋ ፎጣውን አውጥታ ዘረጋችው። ቢጫ ነው፣ ዳክዬ ተሥሎበታል። በመካከሉ አራት ቀዳዳ አለ፤ በአንዱ ገጽ ቅባት፣ በሌላው የሰም ሽታ። ወደ ሚስቱ አዞረችው። ሴትዮዋ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«የትንሿ ልጄ ነው፤» አለች በቀስታ። «ከገመድ ላይ ከጠፋ ሰነበተ። ሠራተኛዋን ተቆጥቼባታለሁ።»

«አንድ ጊዜ ብቻ የነዳው ሰው፣» አለች መርማሪዋ፣ «የልጁን ፎጣ ሰርቆ መኪናውን ሲወለውል ሰንብቷል። ጌታዬ፣ ሸጠውለታል ወይስ አልሸጡለትም?»

ሻጩ ሐኪሙን፣ ፖሊሱን፣ እንደገና ሐኪሙን አየ። ከዚያ ሰው ሲሰምጥ መጀመሪያ የሚለቀው ደንበኛውን መሆኑን አሳየ። ዶክተር መኪናውን ከገዙት መሰንበታቸውን፣ ሚስታቸው እስኪፈቅዱ በምስጢር እንዲይዝላቸው መለመናቸውን፣ በየጠዋቱ በኋላ በር እየገቡ እንደሚያጥቡት ተናገረ። ብየዳውን አላውቅም አለ። ይህን ማንም አላመነውም፤ እሱም እንዲያምኑት አልጠበቀም።

«ለቤት ያጠራቀምነው ነው፤» አለች ሚስቱ ለማንም ሳይሆን።

ሐኪሙ ከንፈሩን ላሰ። «አንድ ቃል ነው የለመንኩት። ምንጣፉን ገልጦ አይቶ 'ተወው' አለኝ። 'ውሰድ' በልልኝ፣ ለእሷ ብቻ እንዲህ በልልኝ አልኩት። ስቆ አለፈኝ። ገፋሁት፤ ብረት ማሰሪያው ሞርሳ ላይ ወደቀ። አልመታሁትም።»

መርማሪዋ እስካሁን እርስዎ ስትለው ነበር። አሁን ተወችው።

«ሐኪም አይደለህ? ሲወድቅ የልቡን ትርታ አዳምጠሃል?»

ሐኪሙ ንጹሕ እጆቹን አየ።

«በሕይወት ይኑር አይኑር አላወቅክም። ለመኪናው ግን ፎጣ አነጠፍክለት።»

ፖሊሱ ካቴናውን ከመካኒኩ ፈትቶ ለሐኪሙ አደረገው። መካኒኩ የእጁን አንጓ እያሻሸ ክሪኩን ዛሬውኑ አሠራዋለሁ አለ። መርማሪዋ አየችው። ስንፍናው ነጻ እንዳወጣው ልትነግረው አሰበችና እንዳይኮራበት ብላ ተወችው።

«ልጆችህ ዘንድ ሂድ፤» አለችው።

ሐኪሙ ሊወሰድ ሲል ወደ ሻጩ ዞረ። ፀሐዩ ከሯል፤ መኪናው ውጪ እንዳይቆም፣ ሸራ እንዲለብስለት ለመነው። ድምፁ እንደገና ለስልሶ ነበር።

ሚስቱ ይህን ሰማች። ሬሳው አጠገብ ቆማ ነበር። ሸራውን አስተካክላ የጋሽ ጆሮን እጅ ሸፈነችና ወደ መኪናው ሄደች። ሟቹ ያደርግ እንደነበረው መዳፏን ኮፈኑ ላይ አሳረፈች። ከዚያ የጋብቻ ቀለበቷን በጣቷ ላይ አዙራ፣ የቀለበቱን ፈርጥ ቀለሙ ላይ ተጭና፣ እንደሚሄድ ሰው በእርጋታ በጎኑ በኩል አለፈች፤ ከኮፈኑ እስከ ፊተኛው በር፣ ከፊተኛው በር እስከ ኋለኛው፣ እስከ መብራቱ። ድምፁ ቀጭንና ረጅም ነበር።

መርማሪዋ ፊቷን ወደ ግንቡ አዙራ ቦርሳዋን ትዘጋ ነበር።

ሐኪሙ ጮኸ። ወደ መኪናው ሊሮጥ ሲል ፖሊሱ ያዘው፤ ለሟቹ አንድ ጠብታ ያልወጣው ዐይኑ እንባ አፈሰሰ።

ሚስቱ ወደ ኋላ አላየችም። በበሩ ወጥታ፣ አውቶቡስ መጠበቂያው ዘንድ፣ ከመርማሪዋ ቀድማ ተሰልፋ ቆመች።