አንድ ሰው የጎደለው የታሪክ ክፍል

የተናደደች ልጅ በጅቡቲ ፀሐይ ስትራመድ አይታችሁ ከሆነ፣ ያን ቀን ፅዮናዊትን አይታችኋል ማለት ነው። ከትምህርት ቤቱ ቢሮ ወጥታ ግቢውን ስታቋርጥ ጥላ እንኳ አልፈለገችም። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። የሐዘን እንዳይመስላችሁ ልጆቼ፤ የንዴት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኢትዮጵያውያን ልጆች በሚማሩበት በዚያ ትምህርት ቤት፣ አሥራ አንደኛ ክፍል የደረሰ ሁሉ ናቹራል ወይም ሶሻል ብሎ ይመርጣል። ታሪክ ያለው ሶሻል ውስጥ ነው። በዚያ ዓመት ለሶሻል የተመዘገበው ጥቂት ሆነና፣ የታሪክ አስተማሪው መምህር ፍስሐ፣ እስከ ነገ ጠዋት አንድ ሰው ካልተገኘ ክፍሉ እንደማይከፈት፣ ሁሉም ናቹራል እንደሚገቡ ነገሯት። እሷም አንዱ የቀረው ማን እንደሆነ ጠየቀች። ፀጋው ነው አሏት። ስሙን ናቹራል ላይ አስጽፎ ሄዷል።

ፀጋው! አብሯት ታሪክ ሊማር ቃል የገባላት ፀጋው።

የተዋወቁት በጠብ ነበር። ባለፈው ዓመት ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጣ የታሪክ መጽሐፏን እያነበበች ብቻዋን ታጉረመርማለች። የጅቡቲና የኢትዮጵያን የባቡር ሐዲድ ሥራ የሚያወራው ገጽ ላይ ንጉሥ አለ፣ ኩባንያ አለ፣ ውል አለ፤ ብረት የተሸከመ ሰው ግን የለም። የእሷ ቅድመ አያት ከሐዲዱ ጋር መጥተው ካርቲየ 3 ሰፈር የቀሩ ሠራተኛ ናቸው።

«ንጉሡ ናቸው እንዴ ብረቱን የተሸከሙት?» አለች መጽሐፉን።

ከኋላዋ አንድ ሰው ሳቀ። ዞረች።

«ምን ያስቅሃል?»

«ከመጽሐፍ ጋር የሚጣላ ሰው አይቼ ስለማላውቅ ነው።»

ይኸው ነው ፀጋው። አባቱ የወደብ ጭነት ሠራተኛ፣ እሱ ከድሬዳዋ ገና መምጣቱ፤ ቤታቸው ጋቦዴ ሰፈር። ሁለቱም ትምህርት ዘግይተው የጀመሩ፣ ሃያ ዓመት ሊደፍኑ የተቃረቡ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ሙቀቱ በረድ ሲል ራስ ዲካ ባሕሩ ዳር ይቀመጣሉ። እሷ ታነባለች፣ ትናደዳለች፤ እሱ ያዳምጣል። መጽሐፉን ሳይሆን እሷን እንደሚያይ ታውቃለች። እንዳላወቀች ሆና ገጹን ትገልጣለች።

እና አሁን ናቹራል!

ከክፍሉ በር ላይ ጠራችው። ወጣ። ዓይኗን አላየም።

«ምን አድርጌህ ነው?»

«ምንም።»

«ታዲያ ለምን?»

«ልነግርሽ አልችልም።»

«አልችልም ነው ወይስ አልፈልግም?»

«አልችልም፣ ፅዮን።»

እሷም ፈሪ አለችው። ቃሉን የበላ፣ አፉና ልቡ የማይገናኝ፣ ወደቡ ላይ እንደተጣለ ባዶ ኮንቴይነር ውስጡ ምንም የሌለው አለችው። ክፍሉ ሁሉ ሰማ። እሱ ግን ቆሞ ተሰደበላት። ይህ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት፤ ቢመልስላት ኖሮ ቢያንስ ትጣላው ነበር።

ቤት ስትደርስ እናቷ ወይዘሮ የውብዳር ሱቃቸውን ዘግተው ከማራገቢያው ሥር አረፍ ብለዋል። ጫት ወደ ከተማው የሚገባበት ሰዓት ስለሆነ ሰፈሩ ጭር ብሏል። ፅዮናዊት ቦርሳዋን ወርውራ ፀጋውን መስደብ እንደገና ከሀ ጀመረች። ውሸታም፣ ከሃዲ፣ ያልተገራ።

ወይዘሮ የውብዳር ጥቂት ታገሡ። እሳቸው ግን ልጆቼ፣ በሰው ላይ ያለ ጥፋቱ ክፉ ሲወራ መስማት የማይችሉ ሴት ናቸው። ይህ ጨዋነታቸው አጋለጣቸው።

«ልጁን አትስደቢው» አሉ። «የታዘዘውን ነው ያደረገው።»

«ማን አዘዘው?»

ቀና ብለው ማራገቢያውን አዩ። ማራገቢያው ይሽከረከራል።

«እማዬ፣ ማን አዘዘው?»

«እኔ ነኝ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ጠርቼው፣ ታሪክ ክፍል እንዳይገባ፣ ለአንቺም እንዳይነግርሽ በእመቤታችን ስም ገዝቼዋለሁ።»

ፅዮናዊት ቁጭ አለች። እናትየው ያሰቡት ግልጽ ነበር፤ ልጃቸው ናቹራል ተምራ ነርስ እንድትሆንላቸው ይመኛሉ። ታሪክ ታሪክ የምትለው ለልጁ ብላ ነው ብለው ደመደሙ፤ እሱ ናቹራል ከገባ ተከትላው ትገባለች።

«እሱን ሳላውቅ በፊት ከዚህ መጽሐፍ ጋር ስጣላ አልሰማሽም?» አለች ፅዮናዊት። «ስንት ዓመት ሙሉ በዚህ ቤት ስጮህ ቅድመ አያቴን እንጂ ማንን የምጠራ መሰለሽ? ተነሺ። ያሰረ ነው የሚፈታው። ተነሺና ፍቺው።»

እናት በልጅ ሲታዘዙ ደግ አይደለም። የውብዳር ግን የልጃቸውን ፊት አዩና ነጠላቸውን አነሡ።

ጋቦዴ ሲደርሱ በሩን የከፈተው ራሱ ፀጋው ነበር። ወይዘሮ የውብዳር ቁጭም አላሉ።

«በማላውቀው ነገር ገባሁ፣ ልጄ። ፈትቼሃለሁ፤ እግዚአብሔርም ይፍታህ።»

ልጁ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሊስም ሲል ፅዮናዊት መሀል ገባች። ንዴቷ ገና አልበረደም።

«አንተስ? ሁለታችሁ በእኔ ነገር ስትማማሉ እኔን ማን ጠየቀኝ? በምልክት እንኳ አትነግረኝም?»

«የገዘቱኝ እናትሽ ናቸው» አለ ፀጋው። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ከፍ አለ። «የእሳቸውን ቃል ረግጬ፣ ነገ በየትኛው በር ሽማግሌ እልካለሁ?»

ያን ቃል እዚያ፣ በእናትየው ፊት ሊናገረው አላሰበም ነበር። ጆሮው ቀላ። ወይዘሮ የውብዳር ነጠላቸውን አስተካከሉና ወደ ውጭ ተመለከቱ። «መጀመሪያ ፈተናህን እለፍ» ብለው ብቻ ታክሲ ፍለጋ ወጡ።

ፅዮናዊት መሬት መሬቱን አየች። ቀስ ብላ፣ አሁን ስለተፈታ ነገ ሶሻል ይገባ እንደሆነ ጠየቀችው።

እዚህ ላይ መዋሸት ይችል ነበር። አልዋሸም። ታሪክ ራሱ እንደማይሆንለት፣ የሚወደው ፊዚክስ እንደሆነ፣ ቃል የገባው እሷ ስትናደድ ማየት ስለሚወድ ብቻ መሆኑን ነገራት። እንግዲህ እናትየው አንዱ ሌላውን ተከትሎ መግባቱን ገምተዋል፤ ተከታዩን ነው የሳቱት።

«ግን እገባልሻለሁ» አለ።

«እንዳትሞክረው» አለች። «ለእኔ ብለህ ከሆነ እዚያው ቅር። ሰው እኔው አገኛለሁ።»

ወጣች። እሱም ተከተላት። ሜሪ የምትባል የክፍላቸው ልጅ ሶሻልም ውስጥ ያለውን ሒሳብ ፈርታ፣ ትምህርቱን ልትተው አስባ ምንም ሳትመርጥ ቤት ቀርታለች። ፅዮናዊት ቤቷ ደርሳ ለእሷም አልራራችላትም፤ አንድ ዓመት ሙሉ የወደደችውን ትምህርት በአንድ ሒሳብ ልትጥለው ነው ወይ ብላ ተቆጣቻት። ሒሳቡን ፀጋው ያስጠናሻል ብላም ጨረሰች። ሜሪ አንዴ እሷን አንዴ እሱን አየች፤ ጠዋት መጥታ ልትመዘገብ ቃል ሰጠች። በማግስቱ ተመዘገበች፣ ክፍሉም ተከፈተ።

እኔ ግን የምወደው ከዚያ በፊት ያለውን ነው። ከሜሪ ቤት እንደወጡ ፅዮናዊት ከፊት፣ ፀጋው ከኋላ ይሄዳሉ። ፀሐይዋ ወደ ባሕሩ ዘቅዝቃለች። እሷ ድንገት ቆመች።

«ሳልጠይቅህ ያስጠናሻል አልኩብህ» አለች። «እኔም እንደ እናቴ አደረግሁህ።»

«አሁን ጠይቂኛ።»

«ታስጠናታለህ?»

«አስጠናታለሁ።»

ጥቂት ተያዩ። እሷ ናት ቀድማ ዓይኗን የሰበረችው።

«ከኋላ ከኋላዬ ምን ያስኬድሃል? እዚህ ና።»

ጎኗ መጣ። ጥቂት እንደሄዱ፣ ሌላ የምትጠይቀው ነገር ይኖር እንደሆነ ቀስ ብሎ ጠየቃት።

«አለ» አለች፣ ፊቷን ሳትፈታ። «ግን ዛሬ ተናድጄብሃለሁ። ነገ እጠይቅሃለሁ።»