የልጄ ትንፋሽ የቆመ ሌሊት

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ ትቼ የምሄድ ሰው ነኝ፣ ዱካክ ነው፣ ዛር ነው የሚባለውን ሁሉ የሰነፍ ሰበብ ነው እያልኩ ነው ልጅ ያሳደግሁት፣ ትምህርት ቤት ሳልገባ ማንበብን ራሴን አስተምሬ ቡራዩ ላይ የእንጨት ሥራ ቤት የከፈትኩ ነኝና በዓይኔ ያላየሁትን አልቀበልም። ይህን የምነግርህም እንድታምነኝ ብዬ ሳይሆን ዝም ማለቱ ስለከበደኝ ነው።

እናቱ ከሞተች ወዲህ ቤት ውስጥ ያለነው እኔና ልጄ ዳዊት ብቻ ነን። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ወፈር ያለ ነው፣ ከእኔው ጋር ይሠራል፣ ግን ቆሞ ያንቀላፋል። አንድ ቀን መጋዙ ላይ አንቀላፍቶ ጣቱ ለጥቂት ተረፈ፣ እኔም በደንበኞች ፊት «አንተ ከብት፣ ሌሊቱን ስልክ ላይ ተጥደህ እያደርክ!» ብዬ ሰደብኩት።

«አንተን ይንሳኝ አባዬ፣ በጊዜ ነው የተኛሁት፣ ግን ሲነጋ እንደተደበደበ ሰው ነኝ» አለኝ።

ጎረቤቴ ኦቦ ገመቹ ይህን ሰምተው «ዱካክ ነው ባክህ፣ ትራሱ ሥር ቢላ አድርግለት» ሲሉኝ፣ «ቢላውስ ሽንኩርት ይክተፍበት» ብዬ ሳቅሁባቸው።

በዚያው ማታ እስኪተኛ ጠብቄ ክፍሉ ገባሁ፣ በሩን ከውስጥ ቀርቅሬ፣ ስልኩን ሲያነሳ እጅ ከፍንጅ ልይዘው ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። ስልኩ ግን ጠፍቶ ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ እሱም ያንኮራፋል፣ እርጥብ እንጨት እንደሚሰነጥቅ መጋዝ። ድንገት ቀጥ አለ። ትንፋሽም የለ። በዚያ ዝምታ ውስጥ ጠፍ፣ ጠፍ፣ ጠፍ የሚል ሰማሁ፣ ሕፃን እንደሚያስተኛ እጅ ለስለስ ያለ፣ ወዲያው ልጄ አቃስቶ አየር ሳበ። አይጥ ይሆናል አልኩ። እመነኝ፣ ደገመ፣ ሠለሰ፣ ትንፋሹ በቆመ ቁጥር ጠፍ፣ ጠፍ፣ ጠፍ፣ ባትሪዬን ባበራ ከእሱ በቀር ማንም የለም።

ከዚያ ትንፋሹ ቆመ፣ ድምፁም ቀረ። የማፍርበትን ልንገርህ፣ ተነስቼ ልጄን በመቀስቀስ ፈንታ ያ ድምፅ እስኪመጣ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። ከንፈሩ ሲጠቁር ሳይ ነው ዘልዬ ትከሻውን የመታሁት። ከውሃ እንደወጣ ሰው አየር ጎተተና ዓይኑን ሳይገልጥ «ተው እንጂ አባዬ፣ በየሌሊቱ ትከሻዬን መምታት አይሰለችህም?» አለኝ።

እናቱ ከሞተች ጀምሮ በሌሊት ክፍሉ ስገባ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

አዲስ አበባ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። «ሲተኛ ጉሮሮው ይዘጋል፣ አየር ሲያጣ ልቡ ይጨነቃል፣ ስለካው ከፍ ያለው የደም ግፊቱም ከዚሁ የመጣ ነው፣ ልጅዎ ሰነፍ አይደለም፣ እንቅልፍ አጥቶ ነው» አለችኝ ሐኪሟ። አባት የሆንክ ሁሉ፣ ልጅህን ሰነፍ ከማለትህ በፊት ተኝቶ ሳለ አዳምጠው። «ሌሊት ማን ነው የሚቀሰቅስህ?» ብላ ስትጠይቀው «አባቴ» አለ፣ እኔም አላስተባበልኩም፣ በዕድሜዬ የሰረቅሁት ያንን ምስጋና ብቻ ነው።

አሁን አየር የሚነፋ ጭምብል አድርጎ ይተኛል፣ ትንፋሹም አይቆምም፣ በግድግዳው ማዶ ሆኜ ባዳምጥ ያ ድምፅ የለም። እኔ ግን ከሳምንት ወዲህ ጠዋት ስነሳ ራሴን ይከብደኛል፣ አፌ ደርቆ ያድራል፣ የቀኝ ትከሻዬንም እንደተመታ ሁሉ ያመኛል። ብቻዬን ነው የምተኛው።