አራተኛው አንጓ

«ሹክሹክ! ስልክሽ እየጠራ ነው!»

መዘምራኑ ለእሑድ ሊለማመዱ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ እንደተሰበሰቡ ነበር። የጠራቻት ከጎኗ የምትቆመው መለከት ናት፤ ስሙን ያወጡላት ድምፅዋ ጣራ ስለሚያነሣ ነው። እሷን ደግሞ ሹክሹክ አሏት። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ከመዘምራኑ ጋር ከቆመች ቆይታለች፤ አፏ ሲንቀሳቀስ እንጂ ድምፅዋ ሲወጣ የሰማ ግን የለም።

ቁጥሩን አታውቀውም። ወደ ጥግ ሄዳ አነሣችው።

«የኔ ዓለም፣ እኔ ነኝ።»

የአባቷ እኅት ናት። ከታሰረች ወዲህ ድምፅዋን ሰምታው አታውቅም።

«እታለም! ፈቱሽ?»

«ፈቱኝ። የኔን ነገር ተይው፣ ጊዜ የለኝም። አራተኛውን አንጓ አልረሳሽውም አይደል?»

እንዴት ትረሳዋለች! በድሮው አገራቸው እንደነሱ ላለ ክርስቲያን ተሰብስቦ መዘመር ክልክል ነበር። የሚሰበሰቡት አክስቷ ልብስ ከምትሰፋበት ሱቅ ጀርባ፣ ጠባብ ጓዳ ውስጥ ነው። አክስቷ የስፌት መኪናዋን ፔዳል ያለማቋረጥ ትረግጣለች፤ በዚያ ጩኸት ተከልለው ሌሎቹ በሹክሹክታ ይዘምራሉ። ጎረቤታቸው ጫማ ሠሪው «እነዚህ ሴቶች ሲሰፉ ይውላሉ፣ አንድ ሱሪ እንኳ ሲወጣ አላየሁም!» እያለ ይቀልድባቸው ነበር። ነገሩ ገብቶት ይሁን ሳይገባው፣ እስከ መጨረሻው አላወቁም።

ወረቀት ቢገኝ ስለሚያሳስር መዝሙሩን በቃላቸው ተካፈሉት። አንደኛውን አንጓ እማማ የሚሏቸው ባልቴት ያዙ፤ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ሌሎች። አራተኛው ለትንሿ፣ ለእሷ ደረሰ። የጨርቅ ቁርጥራጭ ክምር ላይ፣ በእማማ ጉልበትና በእናቷ ጉልበት መካከል ተሸጉጣ ነበር የምታጠናው። የመኪናው ዘይት ሽታ፣ የጨርቅ ጠመኔ ብናኝ፣ ተራዋ ሲደርስ ሁሉም አንገታቸውን ወደ እሷ ሲያዘነብሉ… ይህ አዳራሽ ሰፊ ነው፤ መስኮቱ ተከፍቶ ይዘመርበታል፤ ማንም ለምን ዘመራችሁ አይልም። እሷን ግን ያ ጓዳ ይናፍቃታል። ፍርሃቱ አይደለም የናፈቃት፤ መጠጋጋቱ ነው።

«እማማ ታመዋል» አለች አክስቷ። «ከእንግዲህ የሚነሡ አይመስለኝም። መዝሙሩን ሙሉውን ዘምሩልኝ አሉን። ሦስቱን አንጓ አሰባሰብን፤ አራተኛው ካንቺ ጋር ሄዷል።»

ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ እንደለመደችው በሹክሹክታ ጀመረች።

«ምንም አይሰማኝም! መኪናውን እየረገጥኩ ነው፣ ማቆም አልችልም። ጮክ በይ!»

ዘወር ስትል መዘምራኑ ሁሉ ያዩዋታል። ውጪ እንዳትወጣ መንገዱ የጭነት መኪና ጩኸት ነው። እናቷ ደግሞ ከመጡበት ቀን ጀምሮ «ለምን እንደመጣን ለማንም እንዳትነግሪ። ወሬ ክንፍ አለው፤ እዚያ ለቀሩት ይተርፋል» እያለች አስጠንቅቃታለች። ለጠየቀ ሁሉ መልሱ አንድ ነው፦ አባቷ ሥራ አግኝቶ።

ዓይኗን ጨፈነች።

*«ሌቱ ቢረዝምም፣ ደጁ ቢዘጋ፣*
*አንተ ካለህበት ጓዳዬ ነጋ…»*

መጀመሪያ ድምፅዋ ተሰነጠቀ። ከዚያ እንደገና ጀመረች፤ እስክትጨርስ ድረስ አዳራሹን ሞላው። በስልኩ ውስጥ፣ ከመኪናው ድምፅ ሥር፣ ሰዎች ስንኙን ቀስ እያሉ ይደግሙታል። ከሁሉም ኋላ የሚጎተት አንድ የደከመ ድምፅ ነበር። እማማ ናቸው።

«ተባረኪ፣ የኔ ልጅ» አለች አክስቷ። መስመሩ ተቋረጠ።

መለከት ስልኳን እንደያዘች ቀረበቻት።

«አንቺ!» አለቻት። «ይሄ ሁሉ ድምፅ የት ተቀብሮ ነው? ማን ናት እሷ?»

እንደልማዷ የሚሸፍን መልስ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ዘመድ ናት፣ መዝሙሩን ለሠርግ ፈልጋው ነው ብትል ማንም አይጠራጠርም። የእማማ ድምፅ ግን ገና ከጆሮዋ አልወጣም።

«አክስቴ ናት። በእምነቷ ምክንያት ታስራ ነበር። እዚያ ጮክ ብለው መዘመር አይችሉም። ስሟንና አገሩን አልነግራችሁም፤ አትጠይቁኝ። የትም እንዳታወሩት፣ የትም እንዳትለጥፉት።»

መለከት ልትቀርጽበት ያዘጋጀችውን ስልኳን ቀስ ብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

አናጺ የሆነው አሠልጣኛቸው ኪቦርዱን አጠፋ። «እሺ። ምን እናድርግላቸው?»

«ጸልዩላቸው።»

«እንጸልያለን። ሌላስ?» ትንሽ አሰበ። «መዝሙሩን ሙሉውን ታውቂዋለሽ? እኛም እንያዘው። ነገ አንዱ ቢታሰርባቸው ደውለው ከኛ ይወስዱታል።»

ሁሉም ወንበራቸውን ወደ እሷ አስጠጉ። ጓዳው ውስጥ ስትሰማቸው ሌሎቹንም አንጓዎች ይዛቸው ነበር። ከመጀመሪያው ልትጀምር አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው።

«መጀመሪያ እማዬን ላናግራት» አለች። «ለማንም እንዳልናገር አስጠንቅቃኝ ነበር። ጠብቁኝ።»

«ማታ ቤት ስትገቢ አትነግሪያትም?» አለች መለከት።

«አይ፣ አሁን ነው።»

እናቷ የምትሠራበት የልብስ ማጠቢያ ቤት ከአዳራሹ ሁለት መንገድ አልፎ ነው። በጓሮ በር አስጠራቻት። እናቷ እጇን በሽርጧ እየጠረገች፣ ፊቷ ከእንፋሎቱ ቀልቶ ወጣች።

«ምነው? ምን ሆንሽ?»

«እታለም ተፈታለች።»

እናቷ የበሩን መቃን ያዘች።

«ሌላም የምነግርሽ አለ» አለች ልጅቷ፤ የበሩ ደረጃ ላይ ተቀምጣ ቦታ ለቀቀችላት። «ቁጭ በይ።»