ጣሂራ ባሏን ለምን ሸሸችው?

ጣሂራና ማሂር የተዋወቁት በጭቅጭቅ ነው። ሀይ ጀላባ ሰፈር ካለው የማሂር ሱቅ የገዛችው ጫማ ቤቷ ስትደርስ ሁለቱም የግራ እግር ሆኖ ተገኘ። ቱግ ብላ ተመለሰች።

«ሌባ!»

«ወላሂ ተሳስቼ ነው!» አላት በላብ ተዘፍቆ። «ግን... ባልሳሳት ኖሮ ትመለሺ ነበር?»

ሳታስበው ሳቀች። በዓመቱ ኒካህ አሰሩ።

እርግዝናዋ ስድስት ወር ሲገባ ግን ጣሂራ ተለወጠች። አልጋ ለየች። ቤት ውስጥ ቁጭ ብድግ ትላለች፤ ስልክ ሲጠራ ትደነግጣለች፤ ማሂር ሲጠጋት ትሸሻለች።

«ምን በደልኩሽ?»

«ምንም።»

«ሌላ ሰው አለ?»

ዓይኗ እንባ ሞላ። ፊቷን አዙራ ከክፍሉ ወጣች።

ሌላ ሰው አልነበረም። ለእርግዝና ክትትል ስትመረመር ደሟ ውስጥ የጉበት ቫይረስ ተገኝቶባት ነው። ሐኪሟ ዶክተር ሰሚሃ «ባለቤትሽም ይምጣና ይመርመር» ስትላት፣ ጣሂራ ከዚያ በኋላ የተነገራትን አልሰማችም። «ከየት አመጣሽው ቢለኝስ? ልጄም ይዞት ቢሆንስ?» እያለች ብቻዋን ተብሰለሰለች።

አንድ ጠዋት ማሂር ከሱቅ ሲመለስ ሻንጣዋ በር ላይ ቆሟል። ባለ ራክሻው የባለ ሦስት እግሯን ሞተር አስነስቶ ይጠብቃታል።

«ልትሄጂ ነው?»

«አዲስ አበባ፣ እናቴ ጋ ልውለድ። ልቀቀኝ ማሂር!»

«ሻንጣውን ራሴ እጭንልሻለሁ። ግን ዓይን ዓይኔን እያየሽ አልወድህም በይኝ።»

ልትለው ሞከረች። አቃታት።

«ጉበቴ ታሟል!» ብላ ጮኸች። «የሚተላለፍ ነው... ለአንተም፣ ለልጃችንም!»

ማሂር ሻንጣዋን መልሶ ቤት አስገባ። ከዚያ እጇን ይዞ ራክሻው ውስጥ ገባ።

«ክሊኒክ ውሰደን!»

ዶክተር ሰሚሃ ተቆጣቻት። «ለምን ጠፋሽ? ከመውለድሽ በፊት የምትጀምሪው መድኃኒት አለ። ልጁም እንደተወለደ ይከተባል። ብዙ ሰው ሲወለድ ከእናቱ ይዞት ሳያውቅ ነው የሚያድገው። ጥፋተኛ አትፈልጉ!»

ማሂር ተመረመረ፤ ነፃ ነበር። እሱም ክትባት ጀመረ።

«መርፌ እንደምፈራ ታውቂያለሽ አይደል?» አላት ክንዱን እያሻሸ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀች።

ጣሂራ መድኃኒቷን ሳታቋርጥ ዋጠች። ማሂር ደግሞ የልጁ ክትባት እንዳያልቅባቸው እያለ ሆስፒታሉን በስልክ አሰለቸ። ምጡ በመጣ ቀን ኮሪደሩ ላይ ሲንቆራጠጥ ዋለ። ሴት ልጅ ተወለደች። ወዲያው ተከተበች።

«ከቫይረሱ ተርፋለች?» አለች ጣሂራ።

«ክትባቷን ስትጨርስ እንመረምራታለን» አለች ዶክተሯ።

ያ መጠበቅ ከምጡም የባሰ ነበር። ልጅቷ ባስነጠሰች ቁጥር ጣሂራ ትደነብራለች። ልጅቷ ዓመት አልፏት ዳዴ ትታ መራመድ ስትጀምር፣ ውጤቱ ተነገራቸው።

«ነፃ ናት!»

ጣሂራ ልጇን እንዳቀፈች ማሂር ትከሻ ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

«ይቅር በለኝ ማሂርዬ...»

«የምን ይቅርታ? ሁለተኛ ግን ብቻሽን እንዳትፈሪ!»

ጣሂራ የጉበት ክትትሏን ዛሬም አላቋረጠችም። በቀጠሮዋ ቀን ማሂር ሱቁን ዘግቶ አብሯት ይሄዳል።