ጢም ያወጣው ድንች

እስከዳር የሦስተኛውን ብልቃጥ ክዳን ከፈት አድርጋ ወዲያው መልሳ ከደነችው።

«ምን ሆነ?» አለች ሶልያና ከቤተ ሙከራው በር ላይ።

«ጢም አውጥቷል።»

ጠረጴዛው ላይ ሦስት ብልቃጦች ነበሩ፤ በየብልቃጡም አንዳንድ ቁራጭ የተቀቀለ ድንች። አንደኛውን ኳስ ሲጫወት የዋለ የክፍላቸው ልጅ ባልታጠበ እጁ አሽቶታል። ሁለተኛው በውሃ ብቻ በታጠበ እጅ ተነክቷል። ሦስተኛው ፀረ ጀርም ውስጥ ተነክሮ ስለወጣ ንጹሕ መሆን ነበረበት። የደባርቅ ብርድ ሙከራውን እንዳያበላሽባት እስከዳር ስድስት ቀን ሙሉ ብልቃጦቹን በአባቷ ጋቢ ጠቅልላ አስቀምጣቸዋለች። አሁን ከሁሉም የባሰበት ሦስተኛው ነው፤ አረንጓዴ ሻጋታ ወርሶታል፣ ሽታውም አፍንጫ ይሰነፍጣል።

የፀረ ጀርሙን ስም ሳትደናቀፍ ለመጥራት ሳምንት ተለማምዳለች፤ ክሎሮክሲሌኖል። መምህር ክንዴ እንዳስረዷቸው፣ ክሎሪን ያለበት ውህድ ነው፤ የጀርሞችን ሽፋን ያፈርሳል። ከውሃ ጋር በደንብ ስለማይዋሃድም፣ ሲበጠበጥ ነጭ ይሆናል። የመበጥበጡ ሥራ የሶልያና ነበር።

«ሶል፣ ስንት ለስንት ነው የበጠበጥሽው?»

ሶልያና ጣሪያውን ማየት ጀመረች። «እንዳትቆጪ ግን። ደምለው ቱሪስት ይዞ ራስ ዳሸን ወጥቶ በስምንተኛው ቀን ተመለሰ። ጫማውን ሲያወልቅ እማዬ ቤቱን ጥላ ወጣች። ምን ላድርግ? ፀረ ጀርሙን ጫማው ውስጥ ደፋሁት።»

«ሁሉንም?»

«ወንድሜ እኮ ሁለት እግር ነው ያለው!»

«ታዲያ ያ ያመጣሽልኝ ነጭ ነገር ምንድን ነው?»

«ወተት» አለች ሶልያና ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «በውሃ አቅጥኜ።»

«ፀረ ጀርም ፀረ ጀርም ይሸት ነበር እኮ!»

«ጠርሙሱን አላጠብኩትማ።»

እስከዳር ልትቆጣ አፏን ስትከፍት ሳቅ አመለጣት። ወዲያው ግን የትምህርት ቤቱ የሳይንስ ውድድር ዳኛ ትዝ አሏት። ሊመጡ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ቀርቷቸዋል፤ ያሸነፈ ቡድን ደግሞ ጎንደር ሄዶ ይወዳደራል።

ሶልያና ከቦርሳዋ አንድ ፌስታል አወጣች። ውስጡ ነጭ፣ ንጹሕ የድንች ቁራጭ አለ። «ዛሬ ጠዋት ነው የቀቀልኩት። እንቀይረው፤ ማን ያውቃል?»

እስከዳር ቁራጩን ተቀብላ አገላብጣ አየችው። ያምራል። ብልቃጡ ውስጥ ቢገባ ማንም አይጠረጥርም። ጢማሙን ድንች አየችው፤ ስድስት ቀን ጠዋትና ማታ እየተመላለሰች የጠበቀችው እሱን ነው።

«ጨው ይዘሻል?» አለች።

«ምን?»

እስከዳር ድንቹን ለሁለት ገምሳ ግማሹን ለሶልያና ሰጠቻት። ሌላውን ግማሽ ራሷ ጎረሰችው።

ዳኛው አቶ መልከ ጼዴቅ ጡረታ የወጡ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናቸው። ከመምህር ክንዴ ጋር ሲደርሱ ሶልያና ገና እያኘከች ነበር።

«በፀረ ጀርም የተነከረው የትኛው ነው?» አሉ አቶ መልከ ጼዴቅ።

«ይኸውልዎት!» አሉ መምህር ክንዴ በኩራት፤ ብልቃጡን ከፈቱት፣ ወደ ውስጥ አዩ፣ ቀስ ብለውም ከደኑት።

«እሱ ወተት ውስጥ ነው የተነከረው፣ ጋሼ» አለች እስከዳር።

«ወተት? ማነው ወተት ያለሽ?» አሉ መምህር ክንዴ።

የሶልያና ስም ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው። «ብጥብጡ ምን እንደሆነ ሳላጣራ ተጠቀምኩበት። ሁለቱም ነጭ ናቸው፣ በዓይን አይለዩም። ማጣራት ነበረብኝ።»

አቶ መልከ ጼዴቅ ወረቀታቸው ላይ የሆነ ነገር ጻፉ።

«ወተቱን ያመጣሁት እኔ ነኝ» አለች ሶልያና አፏን በእጇ ጠርጋ። «እሷ አላወቀችም።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። በርጩማ ስበው ተቀመጡ።

«በሉ፣ ከመጀመሪያው ንገሩኝ።»

እስከዳር ፈቀቅ ብላ፣ ከጎኗ ለሶልያና ቦታ ለቀቀችላት።