«እህቴ አይደለችም»

ቀዮ ስምንት ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤት መዝገብ ላይ ያለው ስሟ ሌላ ነው፤ ቤት ውስጥ ግን ከተወለደች ጀምሮ ቀዮ ነው የሚሏት። የምትኖረው ከአንድ ጫማ ሰፊ ሱቅ በላይ ባሉ ሁለት ክፍሎች ውስጥ ነው። ወላጆቿ ነጮች ወደሚበዙበት አገር ከሌላ አገር የመጡ ናቸው። አባቷ የከተማ አውቶቡስ ይነዳል፤ እናቷ በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል አንሶላ ትተኩሳለች። የስድስት ዓመት እህትም አለቻት። እሷን ደግሞ ጥቁሪት ይሏታል።

ልጆች፣ እነዚህ ሁለት ስሞች በፍቅር የወጡ ናቸው። ነገር ግን እንግዳ ቤት ሲመጣ «ቀይዋን ልጄን አያችኋት?» ተብላ ወደ ፊት የምትጠራው ሁልጊዜ ቀዮ ነበረች። ስለ ጥቁሪት ደግሞ «ይቺኛዋ አባቷን ነው የመሰለችው» ይባልና ይሳቃል። ጥቁሪትም አብራ ትስቃለች። ቀዮ ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ተማረች፤ ቀይ መሆን ይሻላል የሚል። ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማራትም፤ ከሳቁ መሀል ነው የለቀመችው።

አንድ ሰኞ ጠዋት የክፍል አስተማሪዋ ወረቀት አደለችና «እያንዳንዳችሁ ራሳችሁን ሳሉ» አለች። ቀዮ ድሮም መቀመጥ የማይሆንላት ልጅ ናት። እግሯ ከወንበሩ ሥር ይወዛወዛል፤ እርሳሷን ትነክሳለች። ያም ሆኖ ፊቷን ጥሩ አድርጋ ሳለች። ከዚያ ምን አደረገች መሰላችሁ? ቀዩን ባለቀለም እርሳስ አንስታ ከግንባሯ እስከ አገጯ ቀባችው።

ሳቃችሁን ያዝ አድርጉ እስቲ። ልጅቷ ቀይ ናት እየተባለች ነው ያደገችው። ታዲያ የትኛውን ቀለም ታንሳ?

አጠገቧ የምትቀመጠው ባለ መነጽሯ ልጅ አንገቷን አስግጋ አየች። «ይሄ ምንድን ነው?»

«እኔ ነኛ። እኔ ቀይ ነኝ።»

«ቀይ ሰው የለም። አንቺ ጥቁር ነሽ።»

«አይደለሁም።»

«ነሽ። እዚህ ክፍል ውስጥ ጥቁሯ አንቺ ብቻ ነሽ።»

ክፍሉ ሳቀ። ቀዮ ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ሰውነቷ አላረፈም። በእረፍት ሰዓት መታጠቢያ ክፍል ገብታ መስታወት ታያለች፤ ትወጣለች፤ ተመልሳ ትገባለች። «ጥቁርማ ጥቁሪት ናት፤ እኔ አይደለሁም» ትላለች በልቧ። አትፍረዱባት። እኔ መምህራችሁ ራሴ በናንተ ዕድሜ ሳለሁ በጥቁረቴ ሲያበሽቁኝ ፊቴን በዱቄት ለቅልቄ ወጥቻለሁ። ማንንም አላታለልኩም፤ ሲያስነጥሰኝ ብቻ ዋለ።

ወደ ቤት መሄጃው ሰዓት ደረሰ። በዚያ ትምህርት ቤት ትንንሾቹ ልጆች ብቻቸውን ከበር አይወጡም፤ ወላጅ ወይም ታላቅ እህት ወንድም ይዟቸው ይሄዳል። በሩ ላይ የቆመችው ዘበኛ ሥራ የጀመረችው የዚያን ዕለት ስለነበር ማንንም አታውቅም። ጥቁሪት ቦርሳዋ ጀርባዋ ላይ እየዘለለ ወደ ቀዮ ሮጣ መጣች። ባለ መነጽሯ ልጅ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር እዚያው ቆማ ነበር።

«ይቺ እህትሽ ናት?» አለቻት።

ቀዮ ጥቁሪትን አየች፤ ልጆቹን አየች። «እህቴ አይደለችም» አለች። «የጎረቤት ልጅ ናት።»

ጥቁሪት ባለችበት ቆመች። ዘበኛዋ ሰምታለች። «እህትሽ ካልሆነች ይዘሻት አትሄጂም» አለች፤ «ቤተሰቧ ይምጣ።»

ቀዮ ያኔ አንድ ቃል ብትናገር ነገሩ ያልቅ ነበር። ግን ልጆቹ ቆመው ያዩዋታል። እሷም አንገቷን ደፍታ ወጣች።

ሩቅ አልሄደችም። ጥግ ላይ እስካለው መድኃኒት ቤት ትሄዳለች፤ ትመለሳለች። የቦርሳዋን ዚፕ ትከፍታለች፤ ትዘጋለች። አሁን ይሄዳሉ፣ አሁን ይሄዳሉ እያለች ስትጠብቅ ልጆቹ በመጨረሻ ሄዱ። ሮጣ ተመለሰች።

«እትዬ፣ እህቴ ናት። ይዣት ልሂድ።»

«ቅድም አይደለችም አላልሽም?»

«ዋሽቼ ነው።»

«ቅድም ነው የዋሸሽው ወይስ አሁን? እኔ በምን አውቃለሁ?» ዘበኛዋ ወደ ጥቁሪት ጎንበስ አለች። «እስቲ አንቺ ንገሪኝ። እህትሽ ናት?»

ጥቁሪት ቀዮን ትክ ብላ አየቻት። ከዚያ «አይደለችም» አለች። «እኔ የጎረቤት ልጅ ነኝ።»

ተናዳ ነው ያለችው ብላችሁ እንዳታስቡ። ቀዮ ውሸታም ተብላ እንዳትቀጣ ብላ ነው። የእህቷን ውሸት ልትጠብቅላት ነው ራሷን የካደችው። እኔ ይህን ታሪክ ስናገር እዚህ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ሆዴ ይባባል።

ቀዮ ማልቀስ ጀመረች። ዘበኛዋ ግራ ተጋብታ ሁለቱንም ወደ ቢሮ ወሰደቻቸውና ለእናታቸው ተደወለ። እናታቸው ሥራዋን ጥላ፣ የሥራ ሽርጧን እንኳ ሳታወልቅ፣ እያለከለከች መጣች። ልጆቹ ኮሪደር ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ዳርና ዳር ተቀምጠዋል። የሆነውን ሁሉ ሰምታ መሀላቸው ተቀመጠች።

«እህትሽን ለምን ካድሻት?»

«ጥቁር ነሽ አሉኛ። እኔ ደግሞ ቀይ ነኝ።»

«ብትሆኚስ? እሷ ምን አደረገችሽ?»

«ቀይ ይሻላላ እማዬ። አንቺ ራስሽ እንግዳ ሲመጣ እኔን ነው የምታስቀድሚው።»

እናትየው የሥራ ቆቧን አወለቀች፤ መልሳ አደረገች፤ እንደገና አወለቀች። አዋቂም መልስ ሲጠፋው ይቁነጠነጣል፣ ልጆች።

«ልክ ነሽ» አለች በመጨረሻ። «ይሄ የኔ ጥፋት ነው። እኛ ባደግንበት አገር ሰውን ቀይ፣ ጠይም፣ ጥቁር እያልን እንለይ ነበር፤ ጨዋታ ይመስለን ነበር። እዚህ ስንመጣ ሁላችንንም በአንድ ቃል ጥቁር አሉን። እኔንም፣ አባትሽንም፣ አንቺንም።»

«ጥቁር መጥፎ ነው?»

«አይደለም። እግዚአብሔር አሳምሮ የሠራው መልክ ነው። መጥፎ አድርገው የሚያዩት ሰዎች ግን አሉ፤ አልዋሽሽም። አባትሽ አውቶቡሱን ሲያቆም ፊቱን አይተው የሚቀጥለውን የሚጠብቁ አሉ።»

ቀዮ ይህን ሰምታ አታውቅም። «አባዬ ምን ያደርጋል?»

«በሩን ይከፍታል። ለገባው ሰላምታ ይሰጣል። ጥፋቱ የነሱ ነው፤ እሱ የሚያፍርበት ነገር የለም። አንቺ ግን ሲያቃጥልሽ የዋለውን ነገር ወስደሽ ለታናሽሽ ሰጠሻት።» ወደ ጥቁሪት ዞረች። «አንቺም ይቅር በይኝ፣ የኔ ልጅ። ከእንግዲህ ቤታችን ውስጥ በመልኩ የሚቀድም ልጅ አይኖርም። ከፈለግሽ ስምሽንም እንቀይረው።»

«ስሜን አትቀይሪብኝ» አለች ጥቁሪት። «እወደዋለሁ።»

ማታ ሲጸልዩ ቀዮ እግዚአብሔርን ይቅርታ ጠየቀች፤ እህቷንም ጠየቀች። ጥቁሪት «እሺ» አለች። ግን እንደ ወትሮው እየለፈለፈች አልተኛችም። ቀዮም ይህን አየች፤ ይቅርታው ገና ግማሽ እንደሆነ ገባት። በማግስቱ ትምህርት ላይ ሰዓቱን ሃያ ጊዜ አየች። ደወሉ ሲደወል እግሮቿ ወደ ኋላው በር ሮጠሽ አምልጪ አሏት። እሷ ግን ወደ ዋናው በር ሄደች።

ባለ መነጽሯና ጓደኞቿ እዚያው ነበሩ። ጥቁሪት ወደ ቀዮ አልሮጠችም። ከዘበኛዋ አጠገብ ቆማ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ልጆቹ እስኪሄዱ እዚህ እጠብቅሻለሁ» አለቻት።

የቀዮ ልብ የተሰበረው ያኔ ነው። ፊቷን ወደ ልጆቹ አዞረች።

«እህቴ ናት። ትናንት ዋሽቻችኋለሁ። እሷም ጥቁር ናት፣ እኔም ጥቁር ነኝ። አንድ እናት ነች የወለደችን።»

ማንም አላጨበጨበም። አንዷ ሳቀች፤ ባለ መነጽሯ መነጽሯን አስተካክላ «እሺ» ብቻ አለች። ጥቁሪት ግን ቀረብ ብላ መጣች።

«ደግመሽ በይው» አለቻት።

«እህቴ ናት» አለች ቀዮ፣ ከበፊቱ ጮክ አድርጋ። ዘበኛዋም «ሰምቻለሁ፤ በሉ ሂዱ» ብላ በሩን ለቀቀችላቸው።

ልጆች፣ ሰው በመልካችን ሲንቀን ጥፋቱ የናቂው ነው፤ ከንቀቱ ለማምለጥ ብለን የራሳችንን ሰው ብንክድ ግን ጥፋቱ የኛ ይሆናል።