ከከሰሉ የተረፈችው ወፍ

በሐምሌ ብርድ፣ ማለዳ ላይ አቶ ሉልሰገድ አልጋቸው ላይ ሞተው ተገኙ። ጉንጫቸው ቀልቷል፤ ከአልጋው አጠገብ አመድ የሞላ ማንደጃ አለ። ፒያሳ ላይ፣ ከፈረሳ በተረፈ አሮጌ ፎቅ ምድር ቤት የጌጥ ዓሣ ይሸጡ ነበር፤ መኖሪያቸውም እዚያው ፎቁ ላይ ነበር።

«የከሰል ጭስ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር የምናየው አደጋ» አለ ፖሊሱ።

ኢንስፔክተር አይናዲስ ግን ቀና ብላ ታያለች። ከራስጌው በተሰቀለው የሽቦ ጎጆ ውስጥ ካናሪ ትዘምራለች። እዚያው ክፍል ባለ የመስታወት ገንዳም ዓሦች ይዋኛሉ።

ማታ ሟቹን ያዩት ሦስት ሰዎች ናቸው። የወንድማቸው ልጅ ምኞት እራት አብሯቸው በልቶ ሄዷል። የሱቁ ሠራተኛ ተጠራች።

«ስምሽ?»

«ናዝራዊት ካሣሁን። ማታ ስሄድ ማንደጃውን ደጅ አውጥቼ ነበር፤ መልሰው አስገብተውት ይሆናል።»

«ወፏስ?»

«እዚያው አደረች። ማንም አልነካት።»

«ከሱቁ ጀርባ ያለው መጋዘን ቁልፍ ማን ጋ ነው?»

«እኔ ጋ ብቻ።»

ሦስተኛው ጎረቤታቸው ወርቅ ሠሪው ጋሽ ሱፊያን ነበሩ።

«ዛሬ ገና ሲነጋ ሱቄን ስከፍት ከግድግዳው ወዲያ፣ ከመጋዘኑ፣ ወፏ ስትዘምር ሰማሁ» አሉ። «ገረመኝ። ሚናስ ካሣሁን የሚባል ልጅ ከሞተበት ወዲህ እዚያ የሚገባ የለም። አስም ነበረበት። አቶ ሉልሰገድ ሌባ ነህ ብለው ቆለፉበትና ትንፋሽ አጥሮት ሞተ።»

አይናዲስ ሦስቱንም ሱቁ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«የጉንጫቸው መቅላት ከሰሉ እንደገደላቸው ይናገራል» አለች። «ግን ወፍ እንደኛ አትተነፍስም። ከሳንባዋ ሌላ የአየር ከረጢቶች አሏት፤ ስትስብም ስታስወጣም አዲስ አየር በሳንባዋ ያልፋል። ስለዚህ መርዙ ከሰው ቀድሞ ይገድላታል። እዚያ ብታድር ኖሮ በድን ነበረች። አንድ ሰው ማንደጃውን ከማስገባቱ በፊት አውጥቷታል፤ ጠዋት መልሷታል።»

«ዓሦቹስ?» አለ ምኞት።

«እነሱ ውሃው ውስጥ ያለውን አየር በስንጥባቸው ነው የሚስቡት፤ የከሰሉ መርዝ ደግሞ ውሃ ውስጥ ብዙም አይገባም። ያ ሰው ይህንንም ስለሚያውቅ ተዋቸው። ወፏ ያደረችው መጋዘን ውስጥ ነው፤ ቁልፉ ደግሞ አንድ ሰው ጋ ብቻ ነው። ናዝራዊት፣ ሚናስ ምንሽ ነው?»

«ታናሽ ወንድሜ» አለች ናዝራዊት። «አስከሬኑን ስናጥብ ጥፍሮቹ ተነቃቅለው ነበር፤ በሩን ሲቧጥጥ። ‹አደጋ ነው› ብለው መዘገቡት። እህቱ መሆኔን ደብቄ ተቀጠርኩ። እኔም አደጋ አደረግኩት።»

«ወፏን ለምን አተረፍሻት?»

«እሷ ማንን በደለች?»

ከዚያ ናዝራዊት ወደ ጋሽ ሱፊያን ዞረች።

«የወፍ ድምፅ በዚህ ግድግዳ ካለፈ፣ የወንድሜ ጩኸትም አልፏል። ሰምተዋል፣ አይደል?»

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። «ብዙም ሳይቆዩ የሚከፍቱለት መስሎኝ… ሬዲዮኑን ከፍ አደረግኩ» አሉ።

አይናዲስ ናዝራዊትን በካቴና አሰረቻት። በሩ ጋ ስትደርስ ቆም አለች።

«ይነሱ፣ ጋሽ ሱፊያን» አለች። «እርስዎም ቃል ይሰጣሉ።»